ሆድና ጀርባ የነበሩትን ሁለቱን እንዴት አፋቀርኳቸው

በጠላትነት ተጀምሮ በፍቅር የሚያልቅ ታሪካዊ ልብ ወለድ እጄ ከገባ ሳልጨርሰው አልተኛም። ገና ሲተያዩ የሚዋደዱ ባለታሪኮች ደስ ይሉኛል፤ ግን ቶሎ እረሳቸዋለሁ። ዓይንህን ላፈር ተባብለው የጀመሩት ግን ወራት አብረውኝ ይከርማሉ። አንድ ቀን እኔም ልሞክረው ብዬ ተነሣሁ።

ዘመኑን ለመምረጥ አልተቸገርኩም። እ.ኤ.አ. ከ1811 እስከ 1820 ያለችው እንግሊዝ፤ ንጉሡ ታሞ ልጁ በእንደራሴነት የገዛበት ጊዜ። አንዲት የባለርስት ልጅ እና አንድ ከጦርነት የተመለሰ መኮንን አገናኘሁ። በየግብዣው እንዲነካከሱ አደረግኩ። ሰባት ምዕራፍ ጽፌ ለጓደኛዬ ሰጠኋት።

አንብባ ስትጨርስ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ለምንድን ነው የሚጣሉት? ደግሞስ እንዲህ ከጠላችው ለምን ጥላው አትሄድም?» ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም። ሰባቱንም ምዕራፍ ጣልኳቸው።

መልሱን ያገኘሁት የዘመኑን ሕግ ሳነብ ነው። በብዙ ትልልቅ ቤቶች ርስቱ ለሴት ልጅ ሳይሆን ለቅርብ ወንድ ዘመድ እንዲያልፍ ተደርጎ የታሰረ ነበር። እንግዲህ አባቷ ሞተ። ወራሹ የሟች አጎቷ ልጅ፣ ገና የ9 ዓመት ብላቴና ሆነ። መኮንኑ ደግሞ አጎቷ በኑዛዜው የሾመው የልጁ ሞግዚት። እሷ ስድስት ዓመት የቤቱን ሒሳብ ስትይዝ ኖራለች። እሱ ሲመጣ 40 ፓውንድ ጎደለ። ሌባ ናት ብሎ አሰበ። እሷም ጭሰኞቹን ሊያፈናቅል የመጣ ነው ብላ አሰበች። ሁለቱም በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ሁለቱም ተሳስተው ነበር። እሷ መሄጃ የላትም፤ እሱም ያለ እሷ ርስቱን ማስተዳደር አይችልም። ከዚያ በኋላ ጠቡን እኔ መፍጠር አላስፈለገኝም። በራሱ ይመጣ ጀመር።

የምወደው ትዕይንት ሌሊት ላይ ነው። መኮንኑ ብቻውን በአንድ ሻማ የሒሳብ መዝገቡን ያገላብጣል። በአንዲት ባሏ የሞተባት ጭሰኛ ስም ጎን በደቃቅ ጽሕፈት «ከመከር በኋላ» የሚል አገኘ። ገጹን ገለጠ፤ እዚያም አለ። ሌላም ስም፣ ሌላም መከር። የጎደለው 40 ፓውንድ ይኸው ነበር። እሱም አልቀሰቀሳትም፤ ይቅርታም አልተናገረም። ብዕሩን ነክሮ ዕዳውን ከራሱ ኪስ መክፈሉን ጻፈና ፈረመበት። ጠዋት መዝገቡን ስትከፍት ቀለሙን በጣቷ ነካችው። ይህን ስጽፍ ነው እኔ ራሴ በእነዚህ ታሪኮች ለምን እንደምያዝ የገባኝ። ጠላት ከወዳጅ ይልቅ አጥብቆ ያያል። ስህተት ፍለጋ እያንዳንዱን መስመር ያነባል። እነዚህ ሁለቱ ፍቅር ላይ ሲደርሱ ገበናቸውን ተያይተው ጨርሰዋል።

አንድ ነገር ግን አበላሽቼ ነበር። በሁለተኛው ረቂቅ መኮንኑ በድህነቷ በሰው ፊት ያዋርዳታል። ከዚያ ሃያ ምዕራፍ ቢክሳትም ይቅር ልለው አልቻልኩም። ቁጣ ይበርዳል፤ ንቀት ግን ከአንባቢ ልብ አይወጣም። ቆርጬ አወጣሁት። እርቁንም ቶሎ አስታርቄያቸው ስለነበር ወደ ኋላ ገፋሁት።

በጭፈራው ትዕይንት ብዙ አልደከምኩም። በዚያ ዘመን ደንብ አንዲት ሴት አንዱን እንቢ ካለች ያን ምሽት ከሌላ ጋር መጨፈር ነውር ነበር። ስለዚህ እሺ አለችው። በሰው መሃል፣ ጓንት ለጓንት ተያይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተጨቃጨቁ።

አራት ጊዜ የጻፍኩት የጋብቻ ጥያቄውን ነው። ያኔ ያገባች ሴት ገንዘብ የባሏ ይሆን ነበር፤ ይህን የለወጡት የ1870 እና የ1882 ሕጎች ገና አልመጡም። ከ1857 በፊት ደግሞ ተፋትቶ እንደገና ለማግባት የፓርላማ ውሳኔ ያስፈልግ ነበር። እና የእሷ ጥርጣሬ ኩራት አይደለም። ያላት መከላከያ ጥርጣሬዋ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎች መኮንኑ በጣም የሚያምር ንግግር ተናገረ፤ እሷም አለቀሰች። አላመንኳትም። በአራተኛው ንግግሩን ሰረዝኩት። የጋብቻ ውል ይዞላት መጣ፤ ገንዘቧ በባለአደራዎች እጅ፣ በእሷ ስም ተጠብቆ እንዲቀመጥ የሚል። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችው። አንድ የድምር ስህተት አግኝታ አረመችለት። እሺታዋን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው።