ትንፋሽ ሲቆጠር

ዛሬ ከዘጌ በጀልባ የመጣች እናት የሰባት ወር ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ገባች። «ሳል ብቻ ነው ሲስተር» አለች። አያቱ ግን ከኋላዋ ሆነው «ጡት እንቢ ብሏል እኮ ልጄ» አሉ። እኔ የያዝኩት የአያቱን ቃል ነው። መጥባት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የፈዘዘ ሕፃን ተራ አይጠብቅም።

ደረቱን ገልጬ ሙሉ 1 ደቂቃ ቆጠርኩ፦ 64። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት የሚያባዛ ባልደረባ አለኝ፤ በዚህ ነገር አንስማማም። የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፤ ሲያለቅስ ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። የዚህኛው የታችኛው ደረቱ አየር በሳበ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በእግሩ ጣት ላይ ያሰርነው የደም ኦክስጅን መለኪያ 86 በመቶ አለ። ከ90 በታች ነውና ኦክስጅን ወዲያው፤ ሐኪሙም ተጠራ።

ከባዱ ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እናቱ ቱቦውን ስታይ እጄን ያዘች። «ኦክስጅን የተደረገለት አይተርፍም ይላሉ።» ይህን ወሬ ማን እንደሚነዛው ባገኘሁት! ብዙ ሕፃን ዘግይቶ ስለሚደርስ ሰው ሞቱን ከኦክስጅኑ ጋር ያያይዘዋል። ረጅም ንግግር አልጠቀመኝም፤ ቱቦውን ወደ ጉንጯ አስጠግቼ ንፋሱን አስነካኋት። «አየር ብቻ ነው እንዴ?» አለች፤ እጄንም ለቀቀች።

ለማታው ተረኛ ሳስረክብ መለኪያው 93 ላይ ነበር። ጡት ገና አልያዘም፤ እናቱ እያለበች በጥቂት በጥቂቱ በምግብ ቱቦ እየሰጠነው ነው።