ገበየሁ ቢሞት

የካቲት 23፣ የአድዋ ድል በዓል በመጣ ቁጥር የአድዋውን ጀግና ባልቻ አባ ነፍሶን ሆኜ መድረክ ላይ እቆማለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ጎፈሩም ዝናሩም የራሴ ነው። መድፉ ከውኃ ቧንቧ ተሠርቶ ጥቁር የተቀባ ሲሆን በጋሪ ጎማ ላይ ነው የሚጎተተው።

አንድ ዓመት የጠራን አንድ ትምህርት ቤት ነበር። የመድረክ መሪው ገና ልብስ ስቀይር «ጺም እንለጥፍልህ፤ ግርማ ይሰጥሃል» አለኝ። ባልቻ ጺም አልነበረውም፤ ገና ልጅ ሳለ ጦር ሜዳ ላይ ተሰልቦ ነበር። እንቢ አልኩ። ቀጥሎ «ደጃዝማች ባልቻ!» ብሎ አስተዋወቀኝ። አድዋ ላይ የነበረው በጅሮንድ፣ ማለትም የግምጃ ቤት ሹም፣ ባልቻ ነው፤ ደጃዝማችነቱ ኋላ የመጣ ነው። ዋጥ አደረግሁት። በእኛ ሥራ ልብሱ ከተለበሰ በኋላ ከመሪ ጋር ክርክር የለም።

ፎከርኩ፤ አዳራሹ ተናወጠ። በጥያቄው ሰዓት አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ እጇን አወጣች።

«አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ገበየሁ አድዋ ላይ ሲሞት አልቅሰው ነበር?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ መድፉ፣ ስለ ጎራዴው፣ ስለ ምኒልክ ተጠይቄያለሁ። ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። አፌን ከመክፈቴ በፊት መሪው ማይክሮፎኑን ይዞ «ጀግና አያለቅስም! አጨብጭቡ!» አለ። ተጨበጨበ። ልጅቷ እጇን ቀስ አድርጋ አወረደችና ጣቶቿን እያየች ተቀመጠች።

ዛሬም ያንገበግበኛል። «ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ፣ መድፍ አገላባጭ ብቻ ለብቻ» ስንል ሁላችንም ድምፃችንን የምናነሣው መድፉ ላይ ስንደርስ ነው። እሷ ግን የሰማችው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ነው። ግጥሙ የሚጀምረው በአንድ ሰው ሞት ነው! ደግሞስ ባልቻ ራሱ ገና ልጅ ሳለ ቆስሎ ከጦር ሜዳ ተነሥቶ በምኒልክ ቤት ያደገ ሰው አይደለም? ስለ እሱ ዕንባ ለመወሰን ያን መሪ ማን ሾመው? እኔስ በዚያ ሁሉ ጎፈር ስር ሆኜ ለምን ዝም አልኩ?

ዝግጅቱ ሲያልቅ ልብሱን ሳላወልቅ ግቢውን ዞርኩ። ልጆቹ ወደየክፍላቸው ገብተው ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ገበየሁ ቢሞት» ብዬ አቆማለሁ። ጎፈሩን አወልቃለሁ። አዳራሹ ጸጥ እስኪል እጠብቅና፣ ገበየሁ ከፊቴ ተመትቼ ከወደቅሁ ዐፅሜን ወደ አገሬ ውሰዱ ብሎ እንደ ነበር ሲነገር የኖረውን፣ ዐፅሙም ከአድዋ ወደ ሸዋ፣ አንጎለላ መግባቱን እነግራቸዋለሁ። መድፉን የምነካው ከዚያ በኋላ ነው። አዘጋጆች «መድረኩ ቀዘቀዘ» ይሉኛል። ዘንድሮም አንዱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ሰዓቱን አሳየኝ። ጎፈሩን እንደ ያዝኩ ቆምኩ።