ባሕር የወረደውና ሐይቅ የቀረው

በልጅነቴ አንኮበር አካባቢ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ፣ አያቴ በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። ጠያቂው ቤተሰብ ቆላ ወርዶ የኖረ፣ ኑሮውም አነጋገሩም ከእኛ የራቀ ቢሆን እንኳ፣ በስድስተኛው ቤት አንድ አያት ላይ ከተገናኘን ጋብቻው ይቀራል። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ሥነ ሕይወት ሳስተምር ሳልሞን ስለተባለው ዓሣ ዝምድና በተነሣ ቁጥር ያ ቆጠራ ትዝ ይለኛል።

በሰሜን ፓስፊክ ዙሪያ የሚገኘው ሶካይ የተባለው ሳልሞን ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው። አንደኛው በሐይቅ ካደገ በኋላ ወደ ባሕር ወርዶ ይፋፋና ለመራባት ወደ ተወለደበት ውኃ ይመለሳል። ኮካኒ የሚባለው ግን ዕድሜውን በሙሉ ከሐይቁ አይርቅም፤ አካሉም በጣም ያነሰ ነው። በመልክና በኑሮ ብንፈርድ ኮካኒዎችን ሁሉ የአንድ አባት ልጆች እንላቸው ነበር። የዘረመል ምርመራ ያሳየው ሌላ ነው፤ በብዙ ቦታ የአንድ ሐይቅ ኮካኒ ከሌላ ሐይቅ ኮካኒ ይልቅ የሚቀርበው ለዚያው አካባቢ ባሕረኛ ሶካይ ነው። የበረዶው ዘመን ካበቃ ወዲህ ባሕረኛው በየሐይቁ፣ ለየብቻ፣ ደጋግሞ ኮካኒን አስገኝቷል ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የቀለሙ ነገር ነው። ሁለቱም በመራቢያ ወቅት ደማቅ ቀይ ይሆናሉ፤ ቅላቱ የሚመጣው ከምግብ ከሚያገኙት፣ ካሮቲኖይድ ከተባለ ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር ነው፤ ይህም በባሕር ሞልቶ በሐይቅ ግን ጥቂት ነው። የባሕረኛው ጫጩት በሐይቅ ውኃ ብቻ ቢያድግ ለመራባት ሲደርስ አረንጓዴ ይሆናል። ኮካኒ ግን ያችኑ ጥቂቷን አሟጦ የመጠቀም ችሎታ በትውልድ ስላዳበረ ይቀላል። ቅላቱ ደግሞ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ወንዶቹ ቀዩዋን ሴት ይመርጣሉ።

በካናዳ ታክላ ሐይቅ ሁለቱ በአንድ ጅረት ይራባሉ፤ ትንሹ የኮካኒ ወንድ ወደ ትልቋ ሶካይ ጎጆ ሾልኮ እየገባ እንቁላሏን ያዳብራል። ዘራቸው ግን ተለያይቶ መኖሩን ቀጥሏል። እንደኔ ግምት ዋናው ምክንያት ድቅሉ ለባሕሩም ለሐይቁም የሚስማማ ሆኖ አለመወለዱ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ የባሕሩ መንገድ ከደማቸው ፈጽሞ አልጠፋም። እዚያው ካናዳ፣ አሉዌት በተባለው ሐይቅ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ የተሠራ ግድብ ሶካዮቹን ከባሕር ቆረጣቸው፤ የቀሩትም እንደ ኮካኒ በሐይቁ ኖሩ። በ2005 የጸደይ ውኃ በግድቡ ላይ እንዲፈስ ሲደረግ ከኮካኒዎቹ ጫጩቶች ብዙዎቹ አብረው ወረዱ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ በ2007 አድገው፣ ባሕረኛ ሆነው፣ ወደ ግድቡ ሥር ተመለሱ።