የጅማ ፎቅ ይጨመር፣ መኪናው ግን የት ይቁም?

ጅማ ላይ ሕንፃ የሚያስገነባ ሰው ስለ ፎቁ ብዛት ሲጨነቅ እንጂ ስለ መኪና ማቆሚያው እንቅልፍ ሲያጣ አይቼ አላውቅም። ፕላን ለማጸደቅ ግን ሁሉም ፓርኪንግ ያስላል። ቤዝመንት ይሣላል፣ መግቢያና መውጫ ቀስት ይሣላል፣ ትንንሽ መኪኖች በመስመር ይደረደራሉ። ሕንፃው ሲያልቅ ቤዝመንቱ መጋዘን ይሆናል፣ አለዚያም ፑል ቤት። መኪናውስ? አስፋልት ላይ ነዋ!

ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ወደ ጅማ መርካቶ የወጣ ሰው ይህን አያጣውም። የመንገዱ ግማሽ በቆመ መኪና ይያዝና የቀረውን ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ጋሪውና እግረኛው ይሻሙበታል።

ሁሉንም ነገር በባለ ሕንፃው ስግብግብነት ማሳበብ ግን አይመቸኝም። ሒሳቡን እንየው። አንድ የቤት መኪና ለመቆም ብቻ 2.5 በ5 ሜትር ይፈልጋል። መተላለፊያውና መዞሪያው ሲታሰብ በመኪና ከ25 እስከ 30 ካሬ ይደርሳል። ስለዚህ 300 ካሬ ቦታ ያለው ሰው ቤዝመንቱን በሙሉ ቢሰጥ እንኳ በወረቀት ላይ 10 መኪና ገደማ ነው። ከዚያ ራምፕ፣ ማለትም መኪናው የሚወርድበት ተዳፋት፣ አለ። 3 ሜትር ወደ ታች ለመውረድ፣ ተዳፋቱ 15 በመቶ ከሆነ፣ 20 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ለብዙ ሰው የቦታው ርዝመት በሙሉ ማለት ነው። ምሰሶውን፣ ደረጃውን፣ የውኃ ታንከሩን ቀንሱ። የሚቀረው ለባለቤቱ፣ ለወንድሙና ለባንኩ ሥራ አስኪያጅ ቢበቃ ነው።

ደግሞ ይህ ጅማ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት፣ የአዌቱ ወንዝ መሃሉን ሰንጥቆት የሚያልፍ፣ ታች በቦዬ በኩል ረግረግ ያለበት ከተማ። ዝቅ ባለው ሰፈር ቤዝመንት የቆፈረ ሰው ከውኃ ጋር ይታገላል። ፓምፕ ይገዛል፣ መብራት ሲጠፋ ለፓምፑ ጄኔሬተር ይገዛል። የአዲስ አበባን የፓርኪንግ መመሪያ ገልብጦ እዚህ ማምጣት የማያዋጣው ለዚህ ነው፣ ቢያንስ በእኔ እይታ።

የከፍታውም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ቁመቱ ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ሕንፃ ምድብ ሐ፣ ማለትም ከሦስቱ የሕንፃ ምድቦች የመጨረሻው ውስጥ አስገብቶታል፤ ጂ+3 አካባቢ ሲደረስ ማለት ነው። ግን እሱ የአገር ሕግ ነው። የትኛው መንገድ ላይ ስንት ፎቅ ይፈቀድ የሚለው የከተማው ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላኑ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ ፎቅና ፓርኪንግ ለየብቻ እየታዩ ይመስለኛል። ፎቅ በተጨመረ ቁጥር ተከራይ ይጨመራል፣ ተከራዩ ደንበኛ ያመጣል፣ ደንበኛው መኪና ወይም ባጃጅ ይዞ ይመጣል። መንገዱ ግን ትናንት የነበረው ነው። ስለዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ያለ ሕንፃ ቁመቱ በመንገዱ ስፋት ይለካ። ፈረንጅ አራዳን የመሰለ ዛፍና ዝቅ ያለ ቤት ያለበት ሰፈር ውስጥ ጂ+7 ድንገት ከሚበቅል ደግሞ ከፍታው ደረጃ በደረጃ ቢጨምር ይሻላል። ከመሃል ከተማ ቀና ሲሉ የጅሬን ኮረብታ መታየቱን እንደ ቅንጦት የሚያይ አለ። እኔ አላየውም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ እኮ ነው!

አየር ማረፊያውም አለ። በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደረጃ መሠረት በትልልቅ ማኮብኮቢያዎች ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ከማረፊያው ወለል 45 ሜትር በላይ ያለው ሰማይ በጥቅሉ ለአውሮፕላን የተጠበቀ ነው። የኛ አየር ማረፊያ ደግሞ ከከተማው ብዙም አይርቅም። ወደዚያ በኩል 15 ፎቅ የሚያልም ሰው ከመሐንዲሱ በፊት የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትንሽ ቦታ ያለውን ሰው ቆፍር ብሎ ማስገደድ ይቅር። በምትኩ ሊያቆማቸው ይገባ ለነበሩት መኪኖች ለከተማው ይክፈል፤ ገንዘቡም ለሌላ ነገር እንዳይውል ሆኖ ለሰፈሩ የጋራ ማቆሚያ ይሠራበት። ከመሬት በላይ፣ ሁለት ሦስት ፎቅ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ። ጎኑ ክፍት ሲሆን ጭስ ማውጫ ማሽን አይፈልግም፣ ውኃም አይቋጥርም። ምድር ቤቱ በመንገዱ በኩል ሱቅ ይሁን፤ ሃምሳ ሜትር ግድግዳ ብቻ እያዩ መሄድ ማንንም አያስደስትም፣ ማታ ደግሞ ያስፈራል። ከሱቆቹ ጀርባ ባጃጅና ሞተር ይቁም፤ በወረቀት ላይ የሚሣለው ሁልጊዜ አውቶሞቢል ነው እንጂ ጅማን የሚያመላልሳት ባጃጅ ነው። የፎቆቹ ወለል በተቻለ መጠን ዘንበል ሳይል ይሠራ፣ ከወለል እስከ ጣሪያም 3 ሜትር ይተው፣ ነገ ቢሮ ማድረግ ቢያስፈልግ እንዳይፈርስ። ሥራውን ዛሬ መንገድ ዳር የፓርኪንግ ደረሰኝ የሚቆርጡት በማኅበር የተደራጁ ልጆች ይያዙት፣ እንጀራቸው አይነካም።

ሰፊ ቦታ ይዘው ቤዝመንት የሚቆፍሩትም ይቆፍሩ፣ አልከለክልም። ብቻ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የሚመረምረው ባለሙያ በእግሩ አይምጣ። መኪና ይዞ ይምጣ፣ ራምፑን ይውረድ፣ በፕላኑ ላይ የተሣለችው ቦታ ላይ ያቁም፣ ከዚያ ምሰሶ ሳይገጭ አዙሮ ይውጣ። ከወጣ ይፈርም።