ሕንፃውን ከማናወጤ በፊት አንድ ምሰሶ

በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ከተሰማ በኋላ፣ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር ጂ+4 ሕንፃ ያላቸው አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ይህ ቤት ይችለዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ምድር ቤቱ እስከ መጨረሻው ሱቅ ነው፤ ፊቱ መስታወት። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በብሎኬት የታጠረ ነው።

ሥራውን የሠራሁት ሕንፃ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር በሚያሰላ፣ ኦፕንሲስ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። የሰጡትን ሁሉ ሳያጉረመርም ስለሚቀበል፣ መጀመሪያ አንድ ምሰሶ ብቻ ሠራሁ። የምሰሶውን ገጽ ወደ ቀጫጭን ክሮች ከፋፈልኩ፦ ፌሮው ለብቻ፣ ከስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን ከሚያቅፈው ቀለበት ብረት) ውጪ ያለው የኮንክሪት ሽፋን ለብቻ፣ በስታፋው የታቀፈው ኮንክሪት ለብቻ። ከዚያም በቤተ ሙከራ ወዲያና ወዲህ ተገፍቶ ውጤቱ ከታተመ ምሰሶ ጋር አስተያየሁት። ይህን ሳያልፉ ወደ ሕንፃ መሄድ ሚዛኑን ሳይፈትሹ ሥጋ መሸጥ ነው።

ብዙ ያሟገተኝ የታቀፈው ኮንክሪት ነው። ማንደር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር ስታፋ ኮንክሪቱን አጥብቆ ሲይዘው ምን ያህል እንደሚጠነክር ያሰላል። ስታፋው ከተከፈተ ግን ቀመሩ ዋጋ የለውም። በምድር ቤት የአንዱን ምሰሶ ሽፋን ጠርበን ስናይ ስታፋው በየ20 ሴንቲ ሜትሩ የታሰረ፣ ጫፉም በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ሆኖ ተገኘ። የመሬት መንቀጥቀጥ ኮዱ (የሕንፃ ሥራ ደንቡ) የሚፈልገው 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውስጥ የገባ መንጠቆ ነው። 90 ዲግሪው ሽፋኑ ሲረግፍ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ውስጡንም እንዳልታቀፈ ቆጥሬ፣ ከርዝመቱ 0.0035 ያህል ሲያጥር እንዲደቅ አደረግኩት። ግራፉ ደስ አይልም፤ ሕንፃው ያለው ግን ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ ውጤቱን የለወጠው ብሎኬቱ ነው። በተለመደው ስሌት ብሎኬት ክብደት ብቻ ነው። እኔ እያንዳንዱን ግድግዳ ግፊት ብቻ የሚሸከም ሰያፍ ዘንግ አድርጌ አስገባሁት፤ ከዚያም በሌላ አገር የተመዘገበ የመሬት ንቅናቄ ኮዱ ከሚያስቀምጠው የመናወጥ ልክ (ስፔክትረም) ጋር አመጣጥኜ ለቀቅኩበት። ያለ ብሎኬት ጉዳቱ በየፎቁ ይከፋፈላል። ብሎኬቱ ሲገባ ላይኞቹ ፎቆች አንድ ላይ ታስረው ይሄዳሉ፣ መጣመሙ በሙሉ በሱቆቹ ምሰሶዎች ጫፍ ላይ ይወድቃል። ዕቃው፣ ሰውየው፣ ክብደቱ ያው ነው፤ የሚሰበርበት ቦታ ግን ሌላ ነው።

አዛውንቱ «እንግዲያው የኋላውን በኮንክሪት ግድግዳ እንዝጋው፣ መስታወቴን ግን አትንኩብኝ» አሉ። የሱቅ ነገር ነውና አይፈረድባቸውም። ሞክሬ አሳየኋቸው፦ ኋላው ብቻ ሲጠነክር ሕንፃው ይጠማዘዛል፣ የፊት ማዕዘን ምሰሶዎችም ከበፊቱ ይብስባቸዋል። የኋላውን ግድግዳ አሳጥሬ የፊቱን ምሰሶዎች በተጨማሪ ፌሮና ኮንክሪት ሳለብሳቸው ጠመዝማዛው ረገበ። ምሰሶዎቹ በየጎናቸው 10 ሴንቲ ሜትር ይወፍራሉ፤ መስታወቱም በየጎኑ ያንኑ ያህል ይጠባል። አሁን በእጄ ያለው አዲሱን ግድግዳ የሚሸከመው መሠረት ስሌት ነው፤ ተከራዮቹን ማሳመን የእሳቸው ድርሻ ነው።