መብራቱማ በርቶ ነበር

ያኔ የምሠራው ንብረትና ትራንስፖርት ክፍል ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለመስክ ሥራ ያገለገለ ፎር ዊል፣ ማለትም በ4ቱም ጎማ መነዳት የሚችል መኪና፣ ሊገዛ ወሰነ። "አይተህ፣ ነድተህ ሪፖርት አቅርብ" ተባልኩ። መንዳት እችላለሁ፤ መካኒክ ግን አይደለሁም። ይህን ለአለቃዬ መናገር ነበረብኝ። ዝም አልኩ። በምትኩ 2 ገጽ ቅጽ አዘጋጀሁ። 40 ጥያቄዎች፣ ከጎናቸው "ይሠራል" እና "አይሠራም" የሚሉ ሳጥኖች። ቅጼ ኩራቴ ነበር።

መኪናው የድሮው ዓይነት ነው። ፎር ዊሉ የሚገባው ከማርሹ አጠገብ ባለች ትንሽ ዘንግ ነው። የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ ደግሞ በእጅ የሚዞር ሀብ አላቸው። ሀቡ "ፍሪ" ላይ ሲሆን ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል፤ "ሎክ" ላይ ሲሆን ጎማውን ከሚያዞረው የውስጥ አክስል ጋር ይያያዛል። ከመኪናው መመሪያ ላይ ይህን አንብቤ ነበር የሄድኩት። ስለዚህ አዋቂ መስዬ ሁለቱንም ሎክ አደረግኩ፣ ገባሁ፣ ዘንጓን ሳብኩ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቷ ቦግ አለች።

ሰፊ አስፋልት ላይ መሪውን እስከ ጥግ አጥፌ ዞርኩ። በአንድ ጣት ይዞራል! ሻጩም "አየኸው? ምንም አይከብድም" አለኝ። "ፎር ዊል" ከሚለው ጎን "ይሠራል" ላይ ምልክት አደረግኩ። "መሪው እጅግ ቀላል" የሚልም ጨመርኩበት። መኪናው ተገዛ።

ሁለት ጉዞ በደህና አለፈ፤ መንገዱ ደረቅ ነበር። በሦስተኛው ዝናብ ጣለ። ጭቃው መሃል ስንደርስ ሹፌሩ ፎር ዊል አስገባ። መብራቷ በራች። የኋላ ጎማዎች ጭቃውን ወደ ሰማይ ይረጫሉ፤ የፊቶቹ እንደ ሰርግ ታዳሚ ቆመው ያያሉ። ከ3 ሰዓት በኋላ ትራክተር ጎትቶ አወጣን። በዚያ ሁሉ ጊዜ መብራቷ አልጠፋችም።

የጋራዡ ሽማግሌ መካኒክ የግራውን ሀብ ክዳን ፈትተው አሳዩኝ። ውስጡ ኦና ነው። አክስሉን ከጎማው የሚያያይዘው ጥርስ ተነቅሎ ወጥቷል፤ የቀረው ከላይ የሚዞረው ክዳን ብቻ ነው።

"ቀኙ ግን ደህና ነው አይደል ጋሼ?" አልኳቸው።

"ደህና ነው። ምን ይጠቅምሃል? ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል የሚለቀው ወደ ቀለለው ወገን ነው። ግራው ባዶውን ከዞረ ቀኙ ምንም አያገኝም።"

"መብራቷስ?"

"መብራቷ ዘንጓ መግባቷን ነው የምትነግርህ። ጎማው ዘንድ ምን እንደደረሰ በምን ታውቃለች?"

ቀጥለው ጠየቁኝ። "አስፋልት ላይ ስታዞረው መሪው አልከበደህም?"

"ኧረ በጣም ቀላል ነበር!" አልኩ፣ እንደ ጥሩ ዜና።

ሳቃቸውን እስካሁን አልረሳውም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ፎር ዊል ሲገባ ግን የፊቱና የኋላው እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። ጭቃ ወይም አሸዋ ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ያካክሳል። ደረቅ አስፋልት አያንሸራትትም። ስለዚህ መሪው ይደነድናል፣ መኪናው ገታ ገታ ይላል። ደጋግመው ቢያደርጉት ማርሹን ይጎዳል። ሁልጊዜ በ4 ጎማ የሚነዱት መኪኖች መሃል ላይ ሌላ ዲፈረንሻል ስላላቸው ይህ አይታይባቸውም። የእኔዋ ግን መክበድ ነበረባት። እኔ ያመሰገንኩት በሽታዋን ነው።

ለሁለተኛው ግዢ እሳቸውን ይዤ ሄድኩ። አለቃዬም ያለ እሳቸው አትሂድ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። እንደደረስን መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ሞቅ ብሏል። "ነገ ጠዋት እንመጣለን፤ እኛ ሳንመጣ እንዳታስነሱት" ብለው ተመለሱ። እኔ ትንሽ አፈርኩ። ለካ የሚያስቸግር ሞተር የሚታወቀው ሌሊቱን አድሮ ሲነሳ ነው። የሞቀውማ ብዙ ነገር ይደብቃል።

በማግስቱ ሞተሩ ጥሩ ተነሳ። ሻጩ ሬዲዮ ከፈተ፤ ጋሼ ዘጉት። አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብተው ጥቂት ሜትር ብቻ አዞሩ። መኪናው አንገራገረ፣ መሪው ታገላቸው። ፈገግ አሉ። ከዚያ ኮረኮንች ቁልቁለት ፈለጉ። ቆመው፣ ማርሹን ነጻ አድርገው በዘንጓ ሎው፣ ማለትም ዝግተኛውንና ባለ ጉልበቱን ፎር ዊል፣ አስገቡ፤ ከዚያ አንደኛ ማርሽ። ነዳጅ ሳይረግጡ ቁልቁል ለቀቁት። መኪናው እንደ ኤሊ ወረደ። እሳቸው ዓይናቸው መንገዱ ላይ፣ እጃቸው ከዘንጓ በላይ፣ ሳይነኳት። ያረጀች ከሆነች እዚህ ላይ ነው ተፈናጥራ የምትወጣው። አልወጣችም።

መጨረሻ ላይ የፊቱን በክሪክ አነሱት። ሁለቱም ሀብ ሎክ፣ ፎር ዊሉ ገብቶ፣ ማርሹም ገብቶ። አንዱን ጎማ በእጃቸው ሲያዞሩ ሌላኛው በተቃራኒው ዞረ። ይህ በጭራሽ በቅጼ አልነበረም። የእኔዋ መኪና ላይ ቢደረግ ኖሮ የ5 ደቂቃ ሥራ ነበር።

"እንግዛው?" አልኩ፣ ጓጉቼ።

መልስ ሳይሰጡ ከኋላው ዲፈረንሻል ሥር ገቡ። ሻጩ ከላይ ያወራል። "ይቺ እኮ ከአስፋልት ወርዳ አታውቅም። ውኃ የሚባል አይታም አታውቅ።" ጋሼ የዘይት መሙያውን ቡሎን ፈትተው ጣታቸውን ከተቱ። ሲያወጡት ዘይቱ ነጥቷል፤ ሎሽን መስሏል። ውኃ የገባበት ዘይት መልኩ ይህ ነው። የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻ ቱቦው ከተዘጋ ወይም ከወለቀ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል።

ሻጩ ዝም አለ። ጋሼ መጥረጊያ ጨርቅ ፈልገው ዞር ዞር አሉ። አላገኙም። ቅጼን ከእጄ ወሰዱና ጣታቸውን ጠረጉበት።