ያለውን ጠግኑልን

ዛሬ ከስራ ገብቼ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ነው ጌም የከፈትኩት፣ ከልጆቹ ጋር ሁሌ ማታ 2 ሰዓት ነው የምንገናኘው። ማች ለማግኘት 11 ደቂቃ ጠበቅን! ስንገባ ደሞ ግማሹ ቦት (ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር የሚያጫውተው)፣ ከዛ ሰርቨሩ ሁላችንንም አስወጣን። አንዱ ጓደኛችን በማይክ "በቃ ተዉት፣ ሰሪዎቹ የጌሙን ክፍል ሁለት እየሰሩ ነው አሉ" ሲል ሆዴን ባር ባር አለኝ። የ6 አመት አካውንት እኮ ነው፣ ስንት ሌሊት አብረን ያነጋንበት።

እኔ ያለውን ጠግኑ ባይ ነኝ። ፋይናል ፋንታሲ 14 የሚባለውን የኦንላይን ጌም እዩት፣ በፈረንጆቹ 2010 ሲወጣ ሜኑው የሚንቀራፈፍ፣ ማፑ ኮፒ ፔስት የሆነ ጌም ነበር። ሰሪው ድርጅት ስኩዌር ኤኒክስ ናኦኪ ዮሺዳ የሚባል ሰውዬን የጌሙ ሃላፊ አረገውና አሮጌውን በአፕዴት እያስታመሙ ጎን ለጎን አዲሱን ከስር ሰሩት፣ በ2012 ህዳር የጌሙ ትንሿ ጨረቃ ወርዳ ከውስጧ የወጣው ዘንዶ አለሙን ሲያጠፋው አሳይተው ሰርቨሩን ዘጉ (ያንን ቪዲዮ ሳየው ዛሬም ውርር ያደርገኛል)፣ በ2013 ነሐሴ ተመለሰ። ደስ የሚለኝ ግን 2 የሚል ቁጥር አልለጠፉበትም፣ የድሮ ተጫዋቾችም ካራክተራቸውን ይዘው ነው የገቡት።

አውቃለሁ፣ ሞተሩ የነከሰ መኪና ቀለም ስለቀቡት አይሄድም፣ ኮዱ ከስሩ ከተበላሸ እንደ አዲስ መስራት ግድ ነው። ግን ልፋታችንን ይዘን እንሻገር! ክፍል ሁለት ሲመጣ እኮ ያለው ትንሽ ሰው ለሁለት ይከፈላል፣ አሁን እንኳን ማች ጠፍቶ።

ልጆቹ ደህና እደሩ ተባብለው ወጡ። እኔ ሎቢው (ማች የሚጠበቅበት ገጽ) ላይ ቆየሁ፣ ካራክተሬ ብቻዋን ቆማ ትተነፍሳለች።